ጠበል የተረጨው ተሳቢ

ከመካነ ሰላም ከተማ ወጣ ብሎ፣ አስፋልቱ ወደ ዓባይ በረሃ ማሽቆልቆል ሊጀምር ሲል፣ በስተግራ በኩል አንድ ቤተ ክርስቲያን አለ። አገሬው አፋፍ ሚካኤል ይለዋል። ከደጃፉ ቆሞ ቁልቁል ለሚያይ መንገደኛ እየተጠማዘዘ የሚወርደው መንገድ መልካም ዕይታ ነው። ከባድ መኪና ለሚነዳ ሰው ግን ከዚያ ደጃፍ በኋላ ያለው ነገር ሁሉ በፍሬን ላይ የተንጠለጠለ ነው።

መንገዱ አስፋልት ከለበሰ ወዲህ በዚህ ደጃፍ አንድ ልማድ ተተከለ። ሾፌሮች ቁልቁለቱን ከመጀመራቸው በፊት ዳር ይዘው ይቆማሉ። የደብሩ ካህን ቄስ ገብረ ኢየሱስ ጠበል ይዘው ይወጣሉ። ሾፌሩን ግንባሩ ላይ፣ መኪናውን ደግሞ መስታወቱና ጎማው ላይ ይረጩታል። ሾፌሩ መስቀል ይሳለምና መንገዱን ይቀጥላል። ልማዱን ክፉ አስቦ የጀመረው ሰው የለም፤ ጠበልንም የሚያቃልል ሰው በዚያ አገር የለም። ነገሩ የተበላሸው በሌላ በኩል ነው። ሜካኒክ ሩቅ ነው፤ ቀጠሮ ይሰጣል፤ መኪናም ያቆማል። ጠበል ግን ቅርብ ነው፤ ማንንም አያዘገይም። እንዲህ እንዲህ እያለ ጠበሉ በሜካኒኩ ቦታ ገባ። ባለመኪኖቹም ይህን አውቀው ዝም አሉ፤ እንዲያውም አንዳንዶቹ ወደዱት።

በግንቦት ወር በአንዱ እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ ማዳበሪያ የጫነ ተሳቢ መኪና ከደጃፉ ቆመ። ከጋቢናው የወረደው ውበቱ ነበር። ውበቱን ቄስ ገብረ ኢየሱስ በልጅነቱ ፊደል አስቆጥረውታል፤ ዛሬም የንስሐ ልጃቸው ነው። እሱም እስከ ዛሬ "የኔታ" እንጂ በሌላ ስም አይጠራቸውም። ወደ ደጁ ከመቅረቡ በፊት ዞር ብሎ በጉንጩ የያዘውን ጫት ተፋ፤ አፉንም በውኃ ተጉመጠመጠ። ቄሱ አይተው እንዳላዩ ሆኑ።

"የኔታ ይባርኩኝ፤ እቸኩላለሁ" አለ።

"አንተ ልጅ፣ ዓይንህ ምን ሆኗል? ደም ለብሷል እኮ!"

"ከሐሙስ ጀምሬ መሪ ላይ ነኝ። ከጅቡቲ ስነሳ ትንሽ አሸልቤያለሁ፤ ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የሚባል አላየሁም።"

"ተቀያሪ የለህም?"

"ለአንድ መኪና ሁለት ሾፌር ምን ያደርጋል ይላሉ አቶ ቢሻው። ስልካቸው ዕረፍት የለውም። ማዳበሪያው ዛሬ ጎጃም መግባት አለበት፤ ገበሬው እየጠበቀ ነው ይሉኛል።" ውበቱ ወደ መኪናው ዞር ብሎ አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ፍሬኑም ደስ አይለኝም፣ የኔታ። ሦስት አራት ጊዜ ስረግጠው ነው የሚይዘው። ከአቀስታ ጀምሮ በማርሽ እየያዝሁ ነው የመጣሁት። ነገርኋቸው፤ ስትመለስ እናሠራዋለን አሉኝ። እባክዎ ጎማው ላይ ጠበቅ አድርገው ይርጩልኝ።"

ቄስ ገብረ ኢየሱስ በዚያች ሰዓት ማለት የነበረባቸው ሁለት ቃል ብቻ ነበር፤ "ቁም፤ ተኛ"። ግቢያቸው ሰፊ ነው፤ ቤታቸው አልጋ አለ። መኪናውም ማንንም ሳያስቸግር ከደጃፉ ዋርካ ሥር ውሎ ያድር ነበር። እሳቸው ግን ሌላ አደረጉ። መኪናውን ከነተሳቢው ዞሩት፤ አንድም ጎማ ሳይቀር ረጩት። ከዚያም የልጁን ትከሻ መታ አድርገው "ሚካኤል ይቅደምልህ፤ አትፍራ" አሉት።

አትፍራ! ለልጁ የቀረው ጤነኛ ፍሬን ፍርሃቱ ነበር፤ እሱንም ፈቱለት።

ውበቱ ተነሣ። ያን ጊዜ ከቅዳሴ የወጣው ሕዝብ በመንገዱ ዳር ቁልቁል ወደየቤቱ እየሄደ ነበር። ከመካከላቸው አሳምነውና ሚስቱ ሰገነት ነበሩ። አሳምነው ጥንድ በሬ ጠምዶ የሚያርስ፣ ለቤተ ክርስቲያኑም ደወል የሚደውል ሰው ነው። ሦስተኛው ጥምዝ ላይ ሲደርሱ ከኋላቸው ጥሩምባ ሰሙ። ጥሩምባው አይቋረጥም። አሳምነው ዞር ሲል ተሳቢው ከጥምዙ አልፎ ወደ ጥጉ ሲመጣ አየ። ሰገነትን በሁለት እጁ ገፍቶ ቦይ ውስጥ ጣላት። ለራሱ ጊዜ አልተረፈውም።

ከመንገዱ በታች ያርሱ የነበሩት ሐጂ ሙሐሲን ሞፈራቸውን ጥለው ቀድመው ደረሱ። ተሳቢው ተገልብጦ ማዳበሪያው መንገዱን ሞልቶታል። ሐጂ ኩንታሉን እየጎተቱ "ኧረ የአላህ ያለህ! ከሥር ሰው አለ፤ ድረሱ!" እያሉ ጮኹ። ቄስ ገብረ ኢየሱስ ከነልብሰ ተክህኗቸው ሮጠው ሲደርሱ ሰዎቹ አሳምነውን አውጥተው ነጠላ አልብሰውት ነበር። ከቀበሌው በዚያው ሳምንት የሚደርሰውን ማዳበሪያ ይጠብቅ የነበረ ገበሬ ማዳበሪያ ተጭኖት ሞተ። ውበቱ ክንዱ ተሰብሮ ከጋቢናው ወጣና አስፋልቱ ላይ ተቀመጠ።

ቀብሩ ሰኞ ተፈጸመ። ማክሰኞ ጧት አቶ ቢሻው ከቄሱ ቤት ደረሱ። አቶ ቢሻው የተሳቢው ባለቤት ናቸው፤ በከተማው ሌሎችም መኪኖች አሏቸው። የአፋፍ ሚካኤልን ጣሪያ በቆርቆሮ ያለበሱት እሳቸው ናቸው። በዚያ ቤት ወንበር ሳይቀርብላቸው ቀርቶ አያውቅም። የዚያን ዕለትም ቀረበላቸው።

"አባታችን፣ የመጣው ከላይ ነው" ብለው ጀመሩ። "ቀን ሲጎድል ሰው ምን ያደርጋል? ሰገነትን ሽማግሌ ይዘን እንግባና እንታረቅ። እርስዎ መስቀልዎን ይዘው ከፊት ይሁኑ። ልማዳችን ነው።"

ልማዳቸው ነበር። መንገዱ ከተሠራ ወዲህ ቄስ ገብረ ኢየሱስ በመኪና አደጋ ምክንያት አራት ጊዜ መስቀል ይዘው ከሟች ቤት ገብተዋል። አራቱም ቤቶች ለመስቀሉ ብለው ይቅር ብለዋል፤ አራቱም መኪኖች ሳምንት ሳይሞላቸው ወደ መንገድ ተመልሰዋል። ለሟች ቤተሰብ እህል ይሰፈራል፤ ለአርባው ሰንጋ ይነዳል፤ ነገሩም ያበቃል። መኪናው ለምን ሰው ገደለ ብሎ የጠየቀ ሽማግሌ አንድም አልነበረም። ሽማግሌዎቹ ያስታረቁት ሟቹን ከመኪናው ጋር ይሁን ባለመኪናውን ከሕጉ ጋር፣ እነሱም አላሰቡበትም።

"ልጁ ከመሄዱ በፊት የነገረኝ ነገር ነበር" አሉ ቄሱ ዝግ ብለው። "ስለ ፍሬኑ።"

አቶ ቢሻው ወንበራቸውን አስጠጉ። "ምን ነገረዎ ብዬ አልጠይቅዎትም። እርስዎ የንስሐ አባቱ ነዎት። ልጅ ለንስሐ አባቱ የሚናገረው ከሁለቱ አይወጣም፤ ይህን ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቃሉ። ደግሞ ያስቡት፤ መኪናው ፖሊስ ግቢ ቆሟል። የገበሬው ማዳበሪያ ሜዳ ላይ ነው። ዝናብ ቢመታው ስንት ቤት ይራባል? አርብ እርቁ ካለቀ፣ የተሰበረውን ዕቃ ቀይሬ ሌላ ሾፌር አስቀምጥና ቅዳሜ ይነሣል።"

"ፍሬኑን ያሠሩታል?"

"ይሠራል፣ ይሠራል። መጀመሪያ የተጀመረው ጭነት ይድረስ።"

እንግዳው ከወጡ በኋላ የቄሱ ባለቤት ወይዘሮ ብርሀንነሽ ከጓዳ ብቅ አሉ። ሁሉንም ሰምተዋል። "ልጁ ንስሐ ገብቶ ነበር እንዴ?" ብለው ጠየቁ። ቄሱ ወደ ዳዊታቸው ዞሩ። "እኔ ከደጅ ቆሜ አይቻለሁ" አሉ ወይዘሮዋ። "ንስሐ የሚገባ ሰው ይንበረከካል። እሱ ቆሞ ጎማ ያሳይዎት ነበር።"

በማግስቱ ሳጅን አበቡ መጣች። አበቡ የወረዳው ትራፊክ ፖሊስ ናት፤ አጭር፣ ፈጣን፣ ለይሉኝታ ጊዜ የሌላት ሴት። ወንበር ቢቀርብላትም ቆማ ማውራት መረጠች።

"አባ፣ እቅጩን ልንገርዎ" አለች። "መኪናው ፍሬን የለውም። አቶ ቢሻው ግን የፍሬኑ ቧንቧ የተበጠሰው ሲገለበጥ ነው ይላሉ። ውበቱም ሰውዬው ድንገት መንገድ ሲያቋርጥ ገባብኝ ብሎ ቃሉን ሰጥቷል፤ ማን እንዳስጠናው እርስዎም እኔም እናውቃለን። ፍሬኑ ከአደጋው በፊት መበላሸቱን የሚያውቅ ሰው ካልተናገረ መኪናው ይለቀቃል። ከመውረዱ በፊት ልጁ ከእርስዎ ጋር ሲያወራ ያየ ሰው ብዙ ነው። ምን አለዎት?"

"ልጄ፣ እሱ እኮ የንስሐ ልጄ ነው።"

"ንስሐ አሁን ተሳቢ እያቆሙ በመንገድ ዳር ሆነ?" ሳጅን አበቡ ድምጿ ከፍ አለ። "እኔም ክርስቲያን ነኝ፣ አባ። የንስሐ ምስጢር አውጡ የሚል አልወጣኝም። ፍሬኔ አይዝም ማለት ግን ኃጢአት መናዘዝ አይደለም፤ ድረሱልኝ ማለት ነው። ሾፌር ስንት ሰዓት ነድቶ ስንት ሰዓት ማረፍ እንዳለበት ሕግ አለ። ረዥም መንገድ የሚሄድ መኪና ተቀያሪ እንዲኖረው፣ ከመነሣቱ በፊት እንዲፈተሽ ሕግ አለ። እኔ በዚህ መንገድ ላይ ብቻዬን ቆሜ ሕጉን ሳስከብር፣ ሽማግሌ ከኋላዬ መጥቶ ይገፋኛል። መኪና ይዤ ሳስር እናንተ መስቀልና ሙሰብሐ ይዛችሁ ታስፈታላችሁ። ታዲያ እኔ የማን ፖሊስ ነኝ?"

ቄሱ አንገታቸውን ደፉ። ሳጅኗ መልስ ሳትጠብቅ ሄደች። አርብ እስኪደርስ ቄስ ገብረ ኢየሱስ ዳዊታቸውን ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ። ምን ማድረግ እንደሚገባቸው ያውቁ ነበር፤ ያስቸገራቸው ማወቁ አልነበረም። ከተናገሩ መጀመሪያ የሚከሱት ራሳቸውን ነው። "ቄሱ ፍሬን እንደሌለው እያወቁ ባርከው ላኩት" ይባላል። እውነትም ነው። ይህን ቃል በሕዝብ ፊት ከመስማት፣ ምስጢር የሚለው መጋረጃ ይሻላቸው መስሎ ታያቸው። ስንት ትልቅ ሰው ነው በዚህ መጋረጃ ሥር ተጠልሎ የሌላ ሰው ልጅ ሲቀበር የሚያይ!

አርብ ረፋድ ሽማግሌዎቹ ሰገነት ቤት ደጃፍ ተሰበሰቡ። ቄሱ መስቀላቸውን፣ ሐጂ ሙሐሲን ደግሞ መቁጠሪያቸውን፣ ሙሰብሐውን፣ ይዘዋል። አቶ ቢሻው እንደ ደንቡ ድንጋይ በማጅራታቸው ተሸክመው ከደጁ ተንበረከኩ። ድንጋዩ የዳቦ ያህል ነው፤ ነጠላቸው እንዳይቆሽሽ ደግሞ ከሥሩ ፎጣ አንጥፈዋል።

ሰገነት ጥቁር ለብሳ ከመደብ ተቀምጣለች። አንድ ክንዷ ከቦዩ ስትወድቅ ተልጦ በጨርቅ ታስሯል። ሽማግሌዎቹ ገብተው በየተራ አጽናኗት። አንዱ "ቀኑ ደርሶ ነው" አለ። ሌላው "ከጌታ የመጣውን ምን እናደርገዋለን፣ እታለም" አለ። ሰገነት ሁሉንም እያየች ሰማች። ከዚያ አቶ ቢሻው ከኪሳቸው የታጠፈ ወረቀት አወጡና ለቄሱ ዘረጉ።

"የእርቅ ሰነድ ነው" አሉ። "አባታችን ያንብቡላትና አሻራዋን ታድርግ። ደንብ ስለሆነ ብቻ ነው።"

ቄስ ገብረ ኢየሱስ መነጽራቸውን አድርገው ማንበብ ጀመሩ። ድምፃቸው ለቅዳሴ የተሠራ ነው፤ ወረቀትም ሲያነቡ ይዘረጋል። "እኛ ስማችን ከዚህ በታች የተጠቀሰው... በሽማግሌዎች ፊት... አደጋው የደረሰው ሟች አቶ አሳምነው..." እዚህ ላይ ድምፃቸው ቆመ። ዓይናቸው ቀጣዩን መስመር አየ።

"ያንብቡት እንጂ፣ አባ" አለች ሰገነት።

ቄሱ መነጽራቸውን አወለቁ።

"ሟች አሳምነው ምን ሆነ ይላል?" ሰገነት ከመደቡ ተነሣች። "እኔ ፊደል አልቆጠርሁም። እርስዎ ያንብቡልኝ።"

ሐጂ ሙሐሲን ወረቀቱን ከቄሱ እጅ ወስደው ራቅ አድርገው ያዙትና አነበቡ። "ሟች በድንገት መንገዱን ሲያቋርጥ መሆኑን አምነን... ይላል።" ወረቀቱን አወረዱ። "ወላሂ፣ ይህ አልተነገረኝም። እኔ እንድናስታርቅ ነው የተጠራሁት።"

"ያቋርጥ ነበር!" አለች ሰገነት። ጩኸቷ ከደጅ ተሰማ። "ከጎኑ የነበርሁት እኔ! የገፋኝ እጁ እስካሁን ደረቴ ላይ አለ! ዳሩን ይዘን ነበር የምንሄደው፤ እንደ ሁልጊዜው። የት ያቋርጥ ነበር? ቤታችን በዚሁ ወገን እኮ ነው! ሬሳውን ከቀበራችሁ በኋላ ደግሞ ስሙን ልትቀብሩት መጣችሁ? የኔ አሻራ ባሌን ጥፋተኛ ሊያደርገው?"

"እታለም፣ ተረጋጊ" አለ አንዱ ሽማግሌ። "ወረቀት ነው።"

"ወረቀት ከሆነ ለምን ፈለጋችሁት?"

ሐጂ ሙሐሲን ሙሰብሐቸውን ኪሳቸው ከተቱ። "እኔ ሽማግሌ ነኝ የምል ሰው ሐቁን ሳላውቅ ምኑን ነው የማስታርቀው? ማን ምን አጥፍቶ ነው ይቅር የሚባለው? አባ ገብረ ኢየሱስ፣ ያን ልጅ መጨረሻ ያናገሩት እርስዎ ነዎት። አላህ ያሳይዎ፤ የሚያውቁት ካለ አሁን ይበሉ።"

አቶ ቢሻው ከደጁ ሆነው "የንስሐ አባት ናቸው! አይጠየቁም!" አሉ። ይህ ቃል ቄሱን ሊያድናቸው የተወረወረ ነበር። ቄስ ገብረ ኢየሱስ ግን ሰገነትን አዩ። ባሏ እሑድ ጧት ደወሉን ደውሎላቸው ነበር። ከዚያ ወዲህ ሌላ ሰው ይደውላል።

"ንስሐ አልነበረም" አሉ። "ልጁ ፍሬኑ አይዝም አለኝ። ከአቀስታ ጀምሮ በማርሽ እየያዘ እንደመጣ ነገረኝ። ለአቶ ቢሻው ተናግሮ ስትመለስ ይሠራል እንደተባለም ነገረኝ። ከሐሙስ ጀምሮ እንዳልተኛ ነገረኝ። ይህን ሁሉ ሰምቼ ጎማውን ረጨሁለት። አትፍራ ብዬ ቁልቁል ሰደድሁት።" መስቀላቸውን ዝቅ አደረጉ። "አሳምነው አላቋረጠም። እኛ ነን ያቋረጥንበት።"

አቶ ቢሻው ድንጋዩን ከማጅራታቸው አውርደው መሬት ላይ ወረወሩት። "ጣሪያውን ማን እንዳለበሰው ረሱት መሰለኝ!" አሉ።

"አልረሳሁም" አሉ ቄሱ። "ቢፈልጉ ያውርዱት።"

ባለመኪናው ነጠላቸውን አራግፈው ወጡ። ቄስ ገብረ ኢየሱስ ወደ ሰገነት ተጠግተው "ልጄ፣ ይቅር በዪኝ" አሉ፤ መስቀሉንም እንድትሳለም አቀረቡላት። ሰገነት መስቀሉን አየች። ግንባሯን አላስጠጋችም።

"እግዜር ይቅር ይበልዎት" አለች። "እኔ ገና ነኝ። ይህን እኔ ቤት የተናገሩትን ፖሊስ ጣቢያ ሄደው ይናገሩ።"

ሄዱ። በእግራቸው፣ በዚያው ቀን። ሳጅን አበቡ ቃላቸውን ስትጽፍ አንድም ቃል አልጨመረችም። ሲፈርሙ ግን "ውበቱ ሊያይዎት ይፈልጋል" አለቻቸው።

ውበቱ ክንዱ በጀሶ ታሥሮ፣ በጣቢያው እስር ክፍል ከግድግዳው ተደግፎ ነበር። የሰው ልጅ አራት ቀን ሳይተኛ ቆይቶ እንቅልፍ ሲጠግብ ፊቱ ልጅ ይመስላል። የቄሱን ቃል ሰምቷል፤ እሱም ቀድሞ የሰጠውን ቃል ለማንሳት ጠይቋል።

"የኔታ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት?" አለ። "ለምን አልከለከሉኝም?"

ቄሱ ከጎኑ መሬት ላይ ተቀመጡ።

"አቶ ቢሻው ሂድ ሲሉኝ እሄዳለሁ፤ እንጀራዬ ነው። ትራፊክ ቢያቆመኝ አታልላለሁ። ደክሞኛል ብል የሚሰማኝ ስለሌለ ለሚረጨኝ ሰው ነገርሁ። እርስዎ አትሂድ ቢሉኝ ኖሮ ማንም አያንቀሳቅሰኝም ነበር። መቼም የእርስዎን ቃል ጥሼ አላውቅም። እኔ እኮ የመጣሁት እንዲያቆሙኝ ነበር።" ከዚያ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። "ሰው ገደልሁ፣ የኔታ። ያጠፋሁት እኔም ነኝ። ፈርቼ ነበር፤ መቆም ነበረብኝ።"

ፍርድ ቤቱ ነገሩን ለማየት ወራት ፈጀ። ቄስ ገብረ ኢየሱስ በምስክር ሳጥኑ ቆመው ያንኑ ቃል ደገሙት፤ ጠበቃው "መኪናውን ባርከዋል ወይስ አልባረኩም?" ብሎ ሲያላግጥባቸውም "ባርኬያለሁ፤ ጥፋቴም እሱ ነው" አሉ። ውበቱ ተፈረደበት። አቶ ቢሻው ብልሽቱን እያወቁ መኪና በማሰማራታቸው ተፈረደባቸው፤ ተሳቢውም እስኪጠገንና ተመርምሮ እስኪያልፍ ከመንገድ ታገደ። ይህ ጥሩ ነው። አሳምነውን ግን አልመለሰውም። ሌሎቹን መኪኖችም አላቆመም።

ስለዚህ በዚያ ደብር አንዳንድ ነገር ተለወጠ። ቄስ ገብረ ኢየሱስ ከመንገድ ዳር ለቆመ መኪና ጠበል መርጨት ተዉ። ሾፌሩን ግን ያነጋግሩታል። መቼ ተኛህ? ፍሬንህ እንዴት ነው? መልሱ ካላማራቸው ከዋርካው ሥር ያሳድሩታል፤ ወይዘሮ ብርሀንነሽ ምንጣፍ ያነጥፉለታል። አንዳንዱ ይስቅባቸዋል፤ አንዳንዱ ሰምቶ ይተኛል። ሐጂ ሙሐሲንና ሌሎቹ ሽማግሌዎች ደግሞ ተማምለዋል፤ የሰው ሕይወት ባለፈበት የመኪና አደጋ ሕጉ ሥራውን ሳይጨርስ፣ ሐቁ በአደባባይ ሳይወጣ፣ ከሟች ቤት ለእርቅ አይገቡም። ይቅርታ የበዳይና የተበዳይ ነው። ብልሹ መኪናን መልሶ ሕዝብ መሀል መልቀቅ ግን ይቅርታ አይደለም፤ ቀጣዩን ሟች መምረጥ ነው።

ይህን ታሪክ የሚሰማ ሁሉ ከራሱ ይጀምር። ባለመኪና የሆንህ፣ ሾፌርህ ፍሬኑ አይዝም ሲልህ "ስትመለስ" አትበለው፤ ላይመለስ ይችላል፤ በመንገዱ ያለውም ሰው ከእሱ ጋር ላይመለስ ይችላል። ሹም የሆንህ፣ የዕረፍት ሰዓቱን፣ ምርመራውን፣ ተቀያሪ ሾፌሩን ወረቀት ላይ ጽፈህ አትተኛ፤ መንገድ ወርደህ አስፈጽም። ሽማግሌ የሆንህ፣ ካህንም ሆንህ ሼህ፣ በእጅህ ያለው ክብር ሰው ለማዳን እንጂ መዝገብ ለመዝጋት አልተሰጠህም።

ከቁልቁለቱ አናት ላይ የፍሬን መፈተሻና የሾፌሮች ማረፊያ እንዲሠራ የአፋፍ ሚካኤል ሰዎች ማመልከቻ አስገብተዋል። ነገሩ በጥናት ላይ ነው ይባላሉ። ማመልከቻውን የሚከታተሉት ሁለት ሰዎች ናቸው፤ ቄስ ገብረ ኢየሱስና ሰገነት። በየሳምንቱ ሐሙስ ከመሥሪያ ቤቱ ደጅ፣ አንድ አግዳሚ ላይ፣ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። ሰገነት እስካሁን መስቀላቸውን አልተሳለመችም። እሳቸውም አልጠየቋትም። ኃላፊው በሩን ሲከፍት ግን ሁለቱም እኩል ይነሣሉ።